ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ሙያ

ለዚህ የማኅበራችን ኢዮቤልዩ መጽሔት ስለ ንግድ ታሪክ እንድጽፍ ተጠይቄ ነበር። ስለ ሱቅ ለመጻፍ ብዙ ሰው አለ። እኔ የመረጥኩት አንዳንድ ልጆቻችን እዚሁ ናይሮቢ ውስጥ እየሠሩበት፣ እኛ ወላጆች ግን ስሙን ለመጥራት የምናፍርበትን የባርማንነት ሙያ ነው። አንድ ጎረቤቴ ልጁ የት እንደሚሠራ ሲጠየቅ «ሆቴል» ብሎ ያልፋል። ሆቴሉ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አይናገርም።

ይህን እፍረት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ይመስለኛል። ጠጅ የምትጥል ሴት ባለሙያ ትባላለች፤ መጠጥ የሚቀዳ ግን «አሳላፊ» ነው፣ በቃ።

ለንደን ውስጥ ሳቮይ በሚባለው ሆቴል «አሜሪካን ባር» የሚባል ታዋቂ መጠጥ ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1903 የዚህ ባር ዋና ባርማን የሆነችው ኤዳ ኮልማን የተባለች ሴት ስትሆን፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርታበታለች። ከእርሷ በኋላ ቦታውን የያዘው ሃሪ ክራዶክ ደግሞ አሜሪካ ሲሠራ የቆየ እንግሊዛዊ ነው። እዚያ መጠጥ በሕግ ሲከለከል በ1920 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1930 የታተመው የሳቮይ የኮክቴል መጽሐፍም የእርሱ ሥራ ነው። የሕግ ለውጥ ሥራ አሳጥቶት አገር የቀየረ ሰው በእኛም መካከል ስላለ ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ወደ ዋናው ሰው ልምጣ። ኤሪክ ሎሪንትስ የስሎቫኪያ ተወላጅ ነው። በ2004 እንግሊዝኛ ለመማር ለንደን ገባና ከታች ጀምሮ ሠራ። በዚያው ዓመት አገሩ የአውሮፓ ኅብረት አባል በመሆኗ እንደ እኛ የሥራ ፈቃድ ለማግኘት ደጅ መጥናቱ ቀርቶለታል። ቋንቋውን ግን እንደማንኛችንም ከዜሮ ነው የጀመረው።

በ2010 አቴንስ ላይ «ዎርልድ ክላስ» የተባለው ዓለም አቀፍ የባርማኖች ውድድር ተካሄደ። አዘጋጁ ዲያጂዮ የተባለው የመጠጥ ኩባንያ ነው፤ በኋላ የሰበታውን ሜታ አቦ ቢራን ገዝቶ ከ2012 እስከ 2022 የያዘው ማለት ነው። ኩባንያው መጠጡን ለመሸጥ እንዳዘጋጀው ነጋዴ ስለሆንኩ አይጠፋኝም። ቢሆንም ፈተናው ቀላል አይደለም። ተወዳዳሪው ፍጥነቱ፣ ስለ መጠጥ ያለው ዕውቀት፣ የእንግዳ አቀባበሉና ራሱ የፈጠረው ቅመራ በዳኞች ፊት ይመዘናል። ሎሪንትስ በእንግሊዝ ስም ቀርቦ አንደኛ ወጣ። ከስድስት ዓመት በፊት ቋንቋ ሊማር በመጣበት አገር ስም ማለት ነው!

ሳቮይ ለረጅም ጊዜ እድሳት ተዘግቶ ቆይቶ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ሲከፈት፣ ኤዳ ኮልማን የቆመችበትን የዋና ባርማንነት ቦታ ይህ ስደተኛ ያዘ። በ2017 አሜሪካን ባር የዓለም ምርጥ ባር ተብሎ ሲመረጥም ዋናው እርሱ ነበር። በ2018 ለቅቆ በ2019 እዚያው ለንደን የራሱን ባር ከፈተ።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ሱቄ ውስጥ ቆመን አጫወትኩት። ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና «ለመሆኑ እዚያ ደመወዙ ስንት ነው?» አለኝ። እንደማላውቅ ነገርኩት። በሳምንቱ ተመልሶ ሲመጣ ግን ልጁን አስከትሎ ነበር፤ «ያንን የስሎቫኪያውን ልጅ ታሪክ እስቲ ለዚህም ንገርልኝ» አለኝ።