ከጎሽ ቆዳ እስከ ብረት አረፋ

የጥንቱ ኢትዮጵያዊ ጦረኛ ጋሻ ከጎሽ፣ ከጉማሬ ወይም ከአውራሪስ ቆዳ ይሠራ ነበር። ጦርና ጎራዴ ይመክታል፤ ቀላል በመሆኑም ተሸካሚውን ከሩጫ አያግድም። ጥይት ሲመጣ ግን ቆዳው አልቻለውም። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጠመንጃና መድፍ ተፋለሙ፤ በብርና በከፋይ ያጌጠው ጋሻ የጀግና ክብር ምልክት ሆኖ ቀረ።

ወፍራም ብረት ጥይት ይመክታል፤ ክብደቱ ግን ያደክማል። ለዚህ ችግር በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ አፍሳኔህ ራቢኢ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ የብረት እንክብሎችን በብረት ውስጥ አቅፈው «የብረት አረፋ» ሠሩ። እንክብሎቹ ሲጨፈለቁ የምቱን ኃይል ይውጣሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ሙከራ፣ ከፊቱ ሴራሚክ፣ ከኋላው አሉሚኒየም የተደረገለት አረፋ ከብረት ጥሩር ክብደት ከግማሽ ባነሰው 12.7 ሚሊሜትር ጥይት መከተ።

የጋሻ ሠሪው ጥያቄ ዛሬም ያው ነው፦ ሰውን ሳያስሩ እንዴት ይጠብቁታል?