ሬይድ ምንድን ነው? ብዙ ሃርድ ዲስክ እንደ አንድ ሲሠራ

ሃርድ ዲስክ አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። የሠርግ ቪዲዮ የምትሠሩ ወይም የድርጅት ሰርቨር የምትይዙ ከሆነ ደግሞ የሚጠፋው የእናንተ ፋይል ብቻ አይደለም፤ የደንበኛም ነው። ለዚህ ከተዘጋጁት መፍትሄዎች አንዱ ሬይድ ይባላል።

ሬይድ ማለት ሁለትና ከዚያ በላይ ዲስኮችን አቀናጅቶ ኮምፒውተሩ እንደ አንድ ዲስክ እንዲያያቸው ማድረግ ነው። ስሙ የመጣው ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰን እና ራንዲ ካትዝ በ1988 እ.ኤ.አ. ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ካወጡት ጥናት ነው። ሐሳባቸው በአንድ ትልቅና ውድ ዲስክ ፋንታ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አብሮ ማሠራት ነበር።

ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች አሏችሁ እንበል፦

🔹 ሬይድ 0፦ ፋይሉን ቆራርጦ ለሁሉም ዲስኮች ያከፋፍላል። ሁሉም በአንዴ ስለሚሠሩ በጣም ፈጣን ነው። በ4 ዲስክ 16 ቴራ ታገኛላችሁ። ግን አንዱ ዲስክ ከሞተ ሁሉም ዳታ አለቀለት።

🔹 ሬይድ 1፦ በ2 ዲስኮች ላይ አንድ ዓይነት ኮፒ ይይዛል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። የምታገኙት ግን 4 ቴራ ብቻ ነው።

🔹 ሬይድ 5፦ ቢያንስ 3 ዲስክ ይፈልጋል። ከዳታው ጋር ፓሪቲ የሚባል ስሌት ያስቀምጣል። በቀላሉ፣ 5 + 3 = 8 ብላችሁ ሦስቱን ቁጥሮች በተለያየ ዲስክ ብታስቀምጡና 3 ቢጠፋ፣ ከ8 ላይ 5 ቀንሳችሁ ትመልሱታላችሁ። አንድ ዲስክ ቢሞት ችግር የለም። በ4 ዲስክ 12 ቴራ ይሰጣል።

🔹 ሬይድ 6፦ ፓሪቲው ሁለት ስለሆነ 2 ዲስክ ቢሞትም ዳታው ይተርፋል። በ4 ዲስክ 8 ቴራ።

🔹 ሬይድ 10፦ የ1ን ኮፒ ከ0 ፍጥነት ጋር ያጣምራል። ይሄም በ4 ዲስክ 8 ቴራ።

⚠️ ሬይድ ባክአፕ አይደለም!

በስህተት የሰረዛችሁት ፋይል ከኮፒውም ላይ ወዲያው ይሰረዛል። ራንሰምዌር ከገባ ሁሉንም አብሮ ይቆልፋል። ኮምፒውተሩ ከተሰረቀ ዲስኮቹም አብረው ይሄዳሉ። በሬይድ 5 ደግሞ የሞተውን ዲስክ ቀይራችሁ ዳታው እስኪመለስ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል፤ በዚህ መሃል ሌላ ዲስክ ከሞተ አበቃ።

ሬይድ የሚጠቅመው ዲስክ ሲበላሽ ሥራ እንዳይቆም ነው። ስለዚህ አቅማችሁ 2 ዲስክ ብቻ ከሆነ ሬይድ አትሥሩ፤ በአንዱ እየሠራችሁ ሌላውን ባክአፕ አድርጋችሁ፣ ነቅላችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡት።

ኤዲተር ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት 🙏