የእንግሊዝኛ መምህሩ ደመወዝ፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በር የወጣ ታሪክ

ከአዲስ አበባ የሚወጡ ሦስት አውራ መንገዶች ሦስት ከተሞችን ያቋርጣሉ። የጅማው መንገድ በሰበታ፣ የአምቦው በቡራዩ፣ የጎጃሙ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ ያልፋል። ዛሬ ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ባለፉት ዘጠና ዓመታት በእነዚህ መንገዶች የስዊድን መኮንኖች፣ የአሜሪካ ወጣቶች፣ የህንድ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህራን፣ የሶቪየት መሐንዲሶች ሻንጣቸውን ጭነው ወደ ክፍለ አገር ወጥተዋል። ሁሉም ሊያስተምሩ ነው የሄዱት። ስንት ተከፈላቸው? ማን ከፈላቸው? እንዴትስ ኖሩ? እነዚህን ጥያቄዎች ተከትሎ የሄደ ሰው መጨረሻ ላይ የሚደርሰው የኢትዮጵያዊው መምህር ቤት ደጃፍ ላይ ነው። የውጭ ዜጋ መምህር የሚያገኘው ክፍያ ምን ጊዜም የራሳችን መምህር ካላገኘው ጋር ተያይዞ የሚነበብ ነውና።

ነገሩ የተጀመረው በእንግሊዝኛ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ሲነሱ ካህናቱ እምነት እንዳይበረዝ ሰጉ። ንጉሠ ነገሥቱም መምህራኑን ከአውሮፓ በማስመጣት ፈንታ በሃይማኖት የሚዛመዱንን የግብጽ ኮፕቶች አስመጡ። በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት የሚመሩትና የሚያስተምሩት እነዚሁ ግብጻውያን ነበሩ። ከመጀመሪያው አንስቶ የውጭ መምህር ቅጥር የዕውቀት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም ማለት ነው። ማንን እናምናለን የሚለው ጥያቄም አብሮት ነበር።

በዚያው ዘመን ነገሩ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሄድ ነበር። ኮፕቶቹ ወደ አዲስ አበባ በሚመጡባቸው ዓመታት አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በርሊን ተቀምጠው ለጀርመኖች አማርኛና ግዕዝ ያስተምሩ ነበር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም በኔፕልስ የምሥራቃውያን ተቋም አማርኛ ያስተምር ነበር። ከእነርሱ ከሁለት ክፍለ ዘመን ተኩል በፊት የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ጀርመን፣ ጎታ ድረስ ሄደው ጀርመናዊውን ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍን አስተምረዋል። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ባሕር ላይ ቀሩ። በባዕድ አገር ቋንቋውን እያስተማረ የሚያድር ሰው ኑሮ ምን እንደሚመስል እኛም እናውቀዋለን። ዕውቀቱ ይፈለጋል፣ ኑሮው ግን በጋባዡ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል።

ራስ ተፈሪ በ1917 ዓ.ም. በስማቸው የሰየሙትን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ኃላፊነቱን ለሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሰጡ። የጊዜው የዘመናዊነት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ትምህርቱም በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ይሰጥ ነበር። ከቡራዩ አልፎ ባለው በሆለታ ገነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1935 መጀመሪያ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ዓመት ሳይሞላው ጣሊያን ወረረን። ወራሪው ከየካቲት 12 በኋላ የተማረውን ወጣት እያደነ ሲፈጅ፣ ለውጭ መምህራን የወጣው የሠላሳ ዓመት ገንዘብና ድካም ያፈራው ትውልድ አብሮ ረገፈ። ከድል በኋላ አገሪቱ እንደ አዲስ ከባዕድ መምህር ደጅ የቆመችው ስለዚህ ነው።

እንግሊዝኛ የነገሠውም ያኔ ነው። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የእንግሊዝ ተጽዕኖ ሲበረታ የትምህርቱ ቋንቋ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1943 የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1946 ደግሞ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። የካናዳ ኢየሱሳውያን ተፈሪ መኰንንን ተረከቡ። አለቃቸው ሉሲየን ማት እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን መሥርተው መሩ። በሰበታ በኩል ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድም እ.ኤ.አ. በ1952 የኦክላሆማ መምህራንን ወደ ጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት አደረሰ።

ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ሦስት ዓይነት የውጭ መምህር ታያለህ፤ ልዩነታቸውም ከፋያቸው ነው። የመጀመሪያው መነኩሴው ወይም ሚሲዮናዊው ነው። ለግሉ ሀብት አያከማችም፣ የሚያኖረውም ማኅበሩ ነው። ሁለተኛው በዕርዳታ ስምምነት የሚመጣው ባለሙያ ሲሆን ደመወዙን የሚቆርጥለት የራሱ መንግሥት ነው፤ ኑሮውም በአገሩ ልክ ነው። ሦስተኛው የትምህርት ሚኒስቴር ራሱ በኮንትራት የሚቀጥረው ነው። ከሦስቱ በቁጥር በዝቶ፣ በየአውራጃው ዘልቆ፣ ከሕዝቡ ጋር ተዋህዶ የኖረው ሦስተኛው ነው። እርሱም በአብዛኛው ህንዳዊ ነበር።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በሁለተኛ ደረጃ የተማረ ኢትዮጵያዊ ህንዳዊ መምህር ያልነበረው ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ነበሩ። ባልና ሚስት አብረው መጥተው እርሱ ሒሳብ፣ እርሷ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤትም ብዙ ነበር። መብራት ማታ ለጥቂት ሰዓት ብቻ በሚበራበት፣ ሐኪም ለማግኘት የአንድ ቀን የአውቶቡስ ጉዞ በሚጠይቅበት ከተማ ቤት ተከራይተው ልጅ አሳደጉ። የሚያሳስባቸው የኮንትራት ሠራተኛ ሁሉ ጭንቀት ነው፦ ኮንትራቱ ይታደስ ይሆን? ከደመወዙ ምን ያህሉን ወደ አገር ቤት መላክ ይፈቀዳል? ልጆቹ የት ይማራሉ? አዲስ አበባ ላይ የህንድ ብሔራዊ ትምህርት ቤት ከ1940ዎቹ ጀምሮ ቢኖርም፣ ክፍለ አገር ያለ መምህር ወይ ልጁን ከራሱ ይለያል፣ ወይ ራሱ ያስተምረዋል። ለእነዚህ ሰዎች ይህች አገር ምስጋናዋን ገና አልጨረሰችም።

እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ ሌላ ዓይነት መምህር መጣ። ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች በአንድ ጊዜ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። የአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የነበሯቸውን መምህራን ቁጥር ወደ እጥፍ ያስጠጋ ድንገተኛ ጭማሪ ነበር። መሪያቸው ሃሪስ ዎፎርድ በኋላ ሴናተር ሆነ። በሰበታ መንገድ 114 ኪሎ ሜትር ላይ ባለችው ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስም እንዲሁ ሴናተር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1992 ለፕሬዚዳንትነት እጩነት ተወዳድሯል።

የሰላም ጓድ ክፍያ ደመወዝ አልነበረም። ለዕለት ኑሮው በብር የሚሰጠው አበል ነበረው። ከዚያ ሌላ በወር 75 ዶላር አሜሪካ ውስጥ ይቀመጥለትና አገልግሎቱን ሲጨርስ ይቀበለዋል። 2 ዓመት ያገለገለ ሰው 1,800 ዶላር ይዞ ሥራ ፍለጋ ይጀምራል ማለት ነው። በጊዜው ምንዛሬ፣ 1 ዶላር በ2 ብር ከ50 ሲሰላ፣ 75ቱ ዶላር 187 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። ለአሜሪካዊ እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ አይደለም። ወጣቶቹ የሚኖሩት በከተማው በተከራዩት ቤት፣ በከተማው ገበያ ነው። ያም ሆኖ የፖለቲካው ነፋስ ሲለወጥ ከመከሰስ አልዳኑም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተማሪው ንቅናቄ ሲግል ብዙ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የአሜሪካ መንግሥት እንደራሴ ተደርገው ተቆጠሩ። ቁጥራቸው መነመነ፤ እ.ኤ.አ. በ1977ም ጓዱ ከአገር ወጣ።

የኢትዮጵያዊው መምህር ጥያቄ የፈነዳው በዚሁ መሐል ነው። የመምህራን ማኅበር ለዓመታት የደመወዝ ጥያቄ ሲያቀርብ ቆይቷል። የትምህርት ዘርፍ ግምገማ የተባለው ጥናት ሲመጣ የደሃውን ልጅ በአጭር ትምህርት ያስቀረዋል፣ የመምህሩንም ኑሮ ይጎዳዋል ተብሎ ተቃውሞ ገጠመው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ሳምንት የታክሲ ነጂዎችም ተነሡ። አንድ ዘውድ የወደቀበት ማዕበል ከመሪ ጥያቄዎቹ አንዱ የመምህር ደመወዝ እንደነበር መርሳት አይገባም። መንግሥት ከውጭ መምህር ማስመጣትን ችግሩን ማስተንፈሻ አድርጎ ሠላሳ ዓመት ቢኖርም፣ የራሱን መምህር ኑሮ ሳያስተካክል ያ መላ አላዛለቀውም።

ደርግ መጣና መምህሩ ከምሥራቅ መምጣት ጀመረ። በሱሉልታ በኩል በሚወጣው መንገድ ጫፍ፣ ባሕር ዳር ላይ፣ ሶቪየቶች የረዱት ፖሊቴክኒክ ከንጉሡ ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ነበር። አሁን ግን የምሥራቅ ጀርመንና የሶቪየት መምህራን ማርክሲዝምን ጭምር ይዘው ወደ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ከፋያቸው ላኪው መንግሥት ስለነበር፣ ያ መንግሥት ሲፈርስ እነርሱም ሄዱ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አደረገ። ለልጁ የሚበጅ፣ ፍትሐዊም ውሳኔ ነበር። ችግሩ ያለው መሻገሪያው ላይ ነው። ሰበታ ወይም ቡራዩ ውስጥ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በአንድ ክረምት እንግሊዝኛ ይሆንበታል። የሚያስተምረው መምህርም በዚያው መንገድ ያለፈ ነው።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ እ.ኤ.አ. በ2004 ክፍል ውስጥ የተሰቀለው ፕላዝማ ነበር። የባዕድ መምህር ከነአካሉ መምጣቱ ቀርቶ ምስሉና ድምፁ በሳተላይት መጣ። ትምህርቱ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነው። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የስክሪኑ መምህር ይወስድ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ያለው መምህር መጀመሪያ ላይ ያስተዋውቅ፣ መጨረሻ ላይ ያጠቃልል ነበር። ፕላዝማው ጥያቄ ጠይቆ ለመልስ ጥቂት ሰከንድ ይሰጥ ነበር፤ ተማሪው ጥያቄውን ተረድቶ እጁን ሳያነሣ መልሱ ስክሪኑ ላይ ይወጣ ነበር። መምህሩ "ቆይ፣ አንዴ ላስረዳቸው" ማለት አይችልም ነበር፣ ስርጭቱ አይቆምለትምና። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋ ነበር። በገዛ ክፍሉ ውስጥ ቾክ ይዞ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን መምህር ያየ ሰው፣ ክብር ከደመወዝ ወረቀት ውጭም እንደሚቀነስ ይረዳል።

በዚሁ ዘመን ዩኒቨርሲቲዎች በፍጥነት በዙ። በ1983 ዓ.ም. ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ከአርባ በላይ ሆነዋል። መምህር ከየት ይምጣ? እንደገና ከህንድ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከናይጄሪያ። ደመወዛቸው በዶላር ተሰልቶ ስለሚከፈል ያው ቢሮ፣ ያው የማስተማር ጫና፣ ያው ማዕረግ ያለው ኢትዮጵያዊ ባልደረባቸው የደመወዛቸውን ጥቂት እጅ ብቻ ይዞ ጎናቸው ተቀመጠ። እንግዶቹም ያለ ችግር አልኖሩም። የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ለቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ ይዘገያል። የሥራ ፈቃዳቸውም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለ3 ዓመት ተሰጥቶ በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስላለው ኑሮ እርግጠኛ መሆን አይችሉም።

ከእነዚህ ጎን ሌላ ዓይነት አሠራር ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ በብሪታኒያው ቪ.ኤስ.ኦ. በኩል የመጡ በጎ ፈቃደኞች በዩኒቨርሲቲዎችና በመምህራን ኮሌጆች ለመምህራን የከፍተኛ ዲፕሎማ ሥልጠና መርተዋል። አበላቸው ከአገር ውስጥ ባልደረባ ኑሮ እንዳይርቅ ተደርጎ የተመጠነ ነበር። ተማሪ አላስተማሩም፤ መምህር አሠለጠኑ። እነርሱ ከሄዱ በኋላ ሥልጠናውን የሚሰጡት ኢትዮጵያውያን ሆኑ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ ክፍተቱ ገደል ሆነ። እስከዚያ ቀን ድረስ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 1,000 ዶላር የሚከፈለው ሰው ደመወዝ በብር ሲሰላ፣ ምንም ሥራ ሳይጨምር፣ ከ57 ሺህ ወደ መቶ ሺህ ተሻገረ። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው ማሻሻያ የጀማሪ ዲግሪ ምሩቅ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ጭማሪው ተገቢ ነው። ግን በሰበታና በቡራዩ የቤት ኪራይ የሚወዳደረው ከአዲስ አበባ ገበያ ጋር ነው። ጀማሪ መምህር ኪራዩን ከፍሎ፣ የታክሲውን አውጥቶ፣ የቀረውን ሲቆጥር ነገ ስለሚያስተምረው ትምህርት ለማሰብ ልቡ አይረጋም።

ሰበታ ግን ሌላም ታሪክ አላት። በንጉሡ ዘመን የተከፈተው የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ማየት የተሳናቸውን ልጆች ከየአገሩ ሰብስቦ አስተማረ። ከዚያ የወጡት በጠበቃነት፣ በመምህርነት፣ በጋዜጠኝነት ዘልቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ በዚሁ ከተማ የልዩ ፍላጎት መምህራን ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ፊንላንዳውያኑ ባለሙያዎች ዋናው ሥራቸው አድርገው የያዙት የሚያስተምሩትን ማፍራት ነበር። ድጋፉ ቀርቶ የሰው ፊት ቢለዋወጥም ተቋሙ የመምህራን ኮሌጅ ሆኖ ቀጠለ፤ ዛሬ በየክልሉ ብሬል ከሚያስተምሩና የምልክት ቋንቋ ከሚያውቁ መምህራን ብዙዎቹ ከዚያ የወጡ ናቸው።

የመቶ ዓመቱ ቅኝት ይህን ያስተምራል። ለባዕድ መምህር የምናወጣው ገንዘብ የሚከስረው ወንበር እንዲሞላ ብቻ ሲቀጠር ነው። የሚያተርፈው ደግሞ የራሱን ተተኪ እንዲያፈራ ሲቀጠር ነው። ስለዚህ ማንኛውም የመንግሥት ተቋም የውጭ መምህር ሲቀጥር በኮንትራቱ ላይ ከደመወዙ፣ ከቤቱና ከአውሮፕላን ቲኬቱ ጎን አብሮት የሚሠራው ኢትዮጵያዊ ስም ይጻፍ፤ ምን ሊያስተምረው እንደሆነና መቼ እንደሚያስረክበውም ይጻፍ። ለውጭው ሰው የቤት አበል የሚታሰብበት በጀት ለአገር ውስጡ መምህርም ቤት ያስብ። ሸገርም አዲስ ከተማ ነውና መሬቱን ሲሸነሽን የ9ኛ ክፍል መምህሮቹ በሚያስተምሩበት ሰፈር የሚኖሩበትን ቦታ አስቀድሞ ይለይ። ወደ እንግሊዝኛ ለሚሻገሩት የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ልጆች የሚደርስላቸው ቋንቋቸውንም እንግሊዝኛንም የሚያውቅ፣ ኑሮው ያልጎደለበት የራሳቸው መምህር ነው።