የካርታ መስፈርት፦ በካርታ ላይ ያለውን ርቀት ወደ እውነተኛው ርቀት እንዴት እንለውጣለን?

በብዙ መጽሐፍ ቅዱሶች የመጨረሻ ገጾች ላይ ጥቂት ካርታዎች ይገኛሉ። አብዛኞቻችን የከተሞቹን ስም አየት አድርገን እናልፋለን እንጂ በካርታው ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ መስመርና ቁጥር ልብ አንላትም። «ከዚህ እዚያ ምን ያህል ይርቃል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የምትሰጠን ግን እርሷ ናት። እርስዎም ማስመሪያና አንድ ቁራጭ ክር ካለዎት በቀላሉ ሊሠሩበት ይችላሉ።

መስፈርት ምንድን ነው?

መስፈርት ወይም ስኬል ማለት በካርታው ላይ ያለው ርቀት በመሬት ላይ ካለው ርቀት ጋር ያለው ንጽጽር ነው። በሦስት መንገድ ይጻፋል።

1. በቃላት፦ «1 ሳንቲ ሜትር 10 ኪሎ ሜትር ነው» ተብሎ።
2. በቁጥር፦ 1:1,000,000 ተብሎ። ይህም በካርታው ላይ ያለው 1 ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ 1,000,000 ሳንቲ ሜትር ነው ማለት ነው።
3. በመስመር፦ በየክፍሉ 0፣ 10፣ 20 ኪሎ ሜትር እየተባለ በተከፋፈለ አጭር መስመር።

በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 100,000 ሳንቲ ሜትር አለ። ስለዚህ በቁጥር የተጻፈውን መስፈርት ለ100,000 ቢያካፍሉ 1 ሳንቲ ሜትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ያገኛሉ። በ1:1,000,000 ካርታ 10 ኪሎ ሜትር፣ በ1:2,000,000 ካርታ 20 ኪሎ ሜትር፣ በኢትዮጵያ ለመስክ ሥራ በሚያገለግሉት የ1:50,000 ካርታዎች ደግሞ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ስሌቱ በምሳሌ

በ1:1,000,000 ካርታ ላይ ከናዝሬት እስከ ቤተ ልሔም በማስመሪያ ቢለኩ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ያገኛሉ። 11 በ10 ሲባዛ 110 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በቀን 25 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ እግረኛ መንገዱ ፍጹም ቀጥ ያለ ቢሆንለት እንኳ ከአራት ቀን በላይ ይፈጅበታል ማለት ነው። ዮሴፍና ማርያም ለቆጠራው ያደረጉት ጉዞ የአንድ ቀን መንገድ እንዳልነበረ በዚህ እንረዳለን።

ማስመሪያ የማይነግረን ነገር

ማስመሪያ የሚሰጠን አሞራ የሚበርበትን ርቀት ነው፤ ሰው ግን እንደ አሞራ አይሄድም። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ በቀጥታ ሲለካ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በነባሩ አስፋልት ግን 100 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ይናገራል። መንገዱ በካርታው ላይ ከተሰመረ ክሩን በመንገዱ ጠመዝማዛ ላይ እያስተኙ ይከተሉ፤ መድረሻው ላይ ምልክት ያድርጉና ክሩን ዘርግተው በመስመሩ መስፈርት ላይ ይለኩት።

ከዚህ ሌላ ካርታ ዳገትና ቁልቁለትን በርቀቱ ውስጥ አይቆጥርም። ከኢየሩሳሌም እስከ ኢያሪኮ በቀጥታ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ1:1,000,000 ካርታ ላይ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይሁን እንጂ ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስትሆን ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ተጓዡ 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ሰውየው «ወረደ» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ የመመለሻውም ድካም ከመሄጃው ጋር አንድ አይደለም።

ካርታው ከተባዛ ይጠንቀቁ

ለሰንበት ትምህርት ወይም ለጥናት ቡድን ካርታ በፎቶ ኮፒ አሳድገው፣ ወይም በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አንጸባርቀው ይሆናል። በዚህ ጊዜ በቁጥር የተጻፈው መስፈርት ሐሰት ይሆናል። የካርታው ርዝመት እጥፍ ካደገ 1:1,000,000 የነበረው 1:500,000 ሆኗል፤ የታተመው ቁጥር ግን አልተለወጠም። በቃላት የተጻፈውም እንዲሁ ነው። የመስመሩ መስፈርት ግን ከካርታው ጋር አብሮ ስለሚያድግና ስለሚያንስ አያሳስትም። ስለዚህ ሲያባዙ መስመሯን ቆርጠው እንዳያስቀሩ።

መስመሯ ከሌለችስ? ርቀቱን በሚያውቁት ነገር ይተኩ። የገሊላ ባሕር ከሰሜን እስከ ደቡብ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእጅዎ ባለው ካርታ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ካገኙት 21ን ለ3 ያካፍሉ፤ 1 ሳንቲ ሜትር 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው።

ወደ ኋላ ማስላት

የሚታወቀው እውነተኛው ርቀት ከሆነ ስሌቱን ይገልብጡት፤ ኪሎ ሜትሩን 1 ሳንቲ ሜትር በሚወክለው ኪሎ ሜትር ያካፍሉ። በቀድሞው የአማርኛ ትርጉም በሉቃስ 24፥13 ኤማሁስ ከኢየሩሳሌም 60 «ምዕራፍ» ያህል እንደምትርቅ ተጽፏል። ይህ «ምዕራፍ» የመጽሐፍ ክፍል ሳይሆን በግሪክኛው ስታዲዮን የሚባለው የርቀት መለኪያ ሲሆን 185 ሜትር ያህል ነው። ስልሳው 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በ1:1,000,000 ካርታ ላይ 1.1 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው።

አሁን ማስመሪያዎን ከኢየሩሳሌም ላይ ያኑሩ። ከጥንት ጀምሮ ኤማሁስ ናት ከተባሉት ቦታዎች አንዷ የሆነችው አምዋስ በቀጥታ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም 2.4 ሳንቲ ሜትር ላይ ትገኛለች። ይህ ከ60 ምዕራፍ እጥፍ ይበልጣል። በሌላ በኩል አንዳንድ ጥንታውያን የእጅ ጽሑፎች 60 በማለት ፈንታ 160 ይላሉ፤ ይህም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከመንገዱ ጠመዝማዛ ጋር ለአምዋስ ይቀርባል። የኤማሁስ ትክክለኛ ቦታ የት እንደነበረ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ማስመሪያዎ ክርክሩን አይፈታውም፤ ነገር ግን ክርክሩ ስለ ምን እንደሆነ በዓይንዎ ያሳይዎታል።

በአጭሩ

ስለ ርቀት ለሌሎች ከመናገርዎ በፊት አራት ነገሮችን ይጠይቁ። ካርታው ከታተመ በኋላ ተለቋል ወይስ አንሷል? የለካሁት ቀጥታውን ነው ወይስ መንገዱን? በመካከሉ ዳገት ወይም ሸለቆ አለ? ያገኘሁት ቁጥር እርግጠኛ ነው ወይስ ግምት? በ1:1,000,000 ካርታ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት በመሬት ላይ አንድ ሙሉ ኪሎ ሜትር ነውና «ያህል» ወይም «ገደማ» ብሎ መናገር ትክክለኛነት እንጂ ድክመት አይደለም።