ከስድስት ኪሎ እስከ እየሩሳሌም፦ የተማሪዎች ማኅበር ለልጆቻችን ምን ያደርጋል?

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሁላችንም «ምን ትማራለህ? ስንት ዓመት ይፈጃል?» ብለን እንጠይቃለን። «የአጉዳው ተወካይህ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ግን እምብዛም የለም። አጉዳት ሀስቱደንቲም፣ በአማርኛችን የተማሪዎች ማኅበር፣ ለብዙዎቻችን የሙዚቃ ድግስና የርካሽ ቡና አዘጋጅ ይመስለናል። ዛሬ ስለዚህ ማኅበር ታሪክ ትንሽ እናውራ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወላጆቻችን ከዚህ ነገር የሚሸሹት ያለ ምክንያት አይደለም። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚለው አባባል እኮ ከባዶ ሜዳ አልመጣም። እስቲ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ እንመለስ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በ1950 ነው። በ1961 ንጉሡ በስድስት ኪሎ ያለውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅም በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ ያነሱ የነበሩት እንደማንኛውም ተማሪ የራሳቸውን ጉዳይ ነበር፤ ምግብ፣ መኝታ፣ የሚጽፉበት ጋዜጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአዳሪነት ሥርዓቱ ሲቀር ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ልጅ በከተማው ቤት ፍለጋ ተበተነ፤ የድሃውን ኑሮም በቅርብ አየው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ከግቢው ወጣ። በየካቲት 1965 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሄዱ። በ1966 ደግሞ የኔ ቢጤዎች በሾላ ታጉረው ይኖሩ የነበረበትን ሁኔታ ተቃወሙ። መንግሥት ማኅበሩን አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፍታል፤ መሪዎቹን ከትምህርት ያባርራል። ታኅሣሥ 28 ቀን 1969 ማታ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግስቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ይዘው በስድስት ኪሎ ግቢ እንደተሰበሰቡ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገቡባቸው፤ ሌሎች ተማሪዎችም ተገደሉ።

ከዚያ የ1974ቱ አብዮት መጣ። ደርግ ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራንን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ። በ1977 እና በ1978 ደግሞ ቀይ ሽብር ተከተለ። የዚያን ዘመን ወላጅ «ልጄ፣ ማኅበር ውስጥ እንዳትገባ» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ታዲያ ልብ የምንለው አንድ ነገር አለ። የስድስት ኪሎ ተማሪ ድፍረት አልጎደለውም፤ የጎደለው ከባለሥልጣኑ ጋር በእኩልነት የሚቀመጥበት ወንበር ነበር። ዩኒቨርሲቲውንም ሆነ መንግሥትን «ማኅበሩን ስማ» ብሎ የሚያስገድድ ሕግ ስላልነበረ ትንሹም ትልቁም ጥያቄ መጨረሻው ጎዳና ላይ ነበር፤ ጎዳና ላይ ደግሞ ጠመንጃ ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ እየሩሳሌም እንምጣ። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ በሀር ሀጾፊም በ1925 ተከፈተ። የአገር አቀፉ የተማሪዎች ኅብረት (ሂትአሐዱት) የተመሠረተው በ1934 ነው፤ ማለትም ከመንግሥቱ በፊት የነበረ ነው። ከ1948 ጦርነት በኋላ ሀር ሀጾፊም ከከተማው ስለተቆረጠ ትምህርቱ እንደ ቴራ ሳንክታ ባሉ በከተማው ሕንፃዎች፣ በኋላም በጊቫት ራም ይሰጥ ነበር። ብዙዎቻችን በምናውቀው በኢትዮጵያ ጎዳና በኩል ብትሄዱ ደግሞ፣ ከደብረ ገነት ጥቂት እርምጃ ርቆ በሀነቪኢም ጎዳና ላይ የሀዳሳ አካዳሚክ ኮሌጅን ታገኛላችሁ፤ ድሮ የሮትሽልድ ሆስፒታል በነበረው በ1888ቱ ሕንፃ። እዚያም የተማሪዎች አጉዳ አለ።

የእስራኤል ተማሪዎችም ጎዳና ወጥተዋል። በ1998 መጨረሻ የትምህርት ክፍያ በግማሽ ይቀነስ ብለው ለሳምንታት ትምህርት አቆሙ፤ የረሃብ አድማም አደረጉ። በኋላ የዊኖግራድ ኮሚቴ ክፍያው በግማሽ እንዲቀነስ ሐሳብ አቀረበ። መንግሥት ግን ሩብ ያህል ከቀነሰ በኋላ ቆመ። በ2007 የሾሐት ኮሚቴ ክፍያውን ሊያስጨምር ነው ሲባል ተማሪዎች ለ41 ቀን አደሙ። ኮሚቴው ከ8,600 ሼኬል ገደማ ወደ 14,800 ሼኬል ከፍ ይበል ብሎ ጻፈ፤ ይህ ጭማሪ ግን ተግባር ላይ አልዋለም።

በዚያው በ2007 ክኔሴት የተማሪዎች መብት ሕግን (ሖክ ዝኹዮት ሀስቱደንት) አወጣ። ሕጉ ተማሪ በመቀበል ረገድ በዘርና በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። ተማሪ የመደራጀትና ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። የታረመ የፈተና ወረቀትን የማየት መብት፣ ለወለደች እናትና ሚሉኢም ለተጠራ ተማሪ የሚደረግ ማመቻቸት፣ የተማሪዎችን አቤቱታ የሚሰማ ኃላፊ (ነጺብ ክቪሎት)፣ እነዚህ ሁሉ በሕግ ተጽፈዋል። ስድስት ኪሎ ያልነበረው ወንበር እንግዲህ ይኸው ነው።

በተግባር እንዴት ይሠራል? እንበልና አንዲት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ልጅ ወልዳ ፈተናው አለፈባት፤ ሌላ ቀን ስትጠይቅ ጸሐፊዋ «አይቻልም» አለቻት። ብዙዎቹ ልጆቻችን እዚህ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ። መንገዱ ግን እዚያ አያልቅም። መጀመሪያ ጥያቄውን በጽሑፍ ታቀርባለች፤ መልሱንም በጽሑፍ ትጠይቃለች። ቀጥሎ የክፍሏን ተወካይ ታነጋግራለች፤ ካልሆነ በአጉዳው የትምህርት ጉዳይ ክፍል ታመለክታለች። የአጉዳው ሰው ሕጉንም ያውቃል፣ የዲኑንም ቢሮ ያውቃል፤ ሌላም ተማሪ በዚያው ችግር መጥቶበት ሊሆን ይችላል። አሥር ሰው የተለያየ አቤቱታ ከሚያቀርብ አንድ ማኅበር የአሥሩን ይዞ ሲገባ ይደመጣል። ያም ካልሆነ ነጺብ ክቪሎት አለ።

እኛ እንደ ማኅበረሰብ ጎዳናውን በደንብ እናውቀዋለን። በ1985 በእየሩሳሌም ዋናው ራባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠናል። በጥር 1996 ደማችን ተደፋ ብለን በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት በሺዎች ወጥተናል። በ2015 ወጣቶቻችን የፖሊስን ዱላ ተቃውመው ወጥተዋል። ከ1996ቱ ሰልፍ በኋላ የይጽሐቅ ናቮን ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከ2015ቱ በኋላ ደግሞ የፓልሞር ኮሚቴ ተቋቁሞ በ2016 ዘገባውን አቀረበ። በፍትሕ ሚኒስቴር ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍልም ተከፈተ። ጩኸታችን ኮሚቴ አምጥቷል ማለት ነው። ግን ኮሚቴ ሲበተን ወረቀቱን ይዞ በየወሩ «ይሄስ የት ደረሰ?» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ወጣት ሰው ከሚማርባቸው ቦታዎች አንዱ አጉዳው ነው፤ ስብሰባ መቀመጥን፣ ደንብ ማንበብን፣ በጀት መጠየቅን፣ እምቢ ሲባሉ ተመልሶ መሄድን።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ለክፍል ተወካይነት እወዳደራለሁ ቢላችሁ «ትምህርትህን ተማር» ብላችሁ አትመልሱት። ስድስት ኪሎ ላይ የሆነውን ንገሩት፤ ማወቅ አለበት። ከዚያ ደግሞ እዚህ አገር ሕግ የሰጠው ወንበር እንዳለ አስታውሱት። ተማሪዎችም፣ የአጉዳ ምርጫ ሲመጣ ድምፅ ስጡ፤ ችግር ሲገጥማችሁ ለብቻችሁ አትብሰልሰሉ፤ የተነገራችሁን ሁሉ በጽሑፍ ያዙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ የለ አባቶቻችን!

መልካም የትምህርት ጊዜ ለሁላችሁም። ይህን ጽሑፍ ዘንድሮ ለሚጀምር ልጅ አድርሱልን።