አይፎንን ትተው ወደ አንድሮይድ ሲሻገሩ የሚጠፉ የጽሑፍ መልእክቶች

አይፎኑን በአንድሮይድ ስልክ የቀየረ ሰው፣ አይፎን የሚጠቀሙ ወዳጆቹ የሚልኩለት የጽሑፍ መልእክት ላይደርሰው ይችላል። ብዙዎች ኔትወርኩን ቢወቅሱም፣ አንዱ ምክንያት ስልክ ቁጥሩ በአፕል «አይሜሴጅ» አገልግሎት ላይ እንደተመዘገበ መቅረቱ ነው። አይሜሴጅ በኢንተርኔት ስለሚሠራ መልእክቱ ወደ አዲሱ ስልክ አይመጣም፤ ስለ ታመመ ቤተሰብ የተላከ ቃል እንኳ ሳይነበብ ይቀራል።

መፍትሔው ሲም ካርዱ ከአይፎኑ ከመውጣቱ አስቀድሞ ከሴቲንግ ገብቶ አይሜሴጅን ማጥፋት ነው። አይፎኑ ተሽጦ ወይም ጠፍቶ ከሆነ ቁጥሩን በአፕል ድረ ገጽ ማሰረዝ ይቻላል፤ ለማረጋገጫም ባለ 6 አኃዝ ኮድ በአጭር መልእክት ይላካል።

ከዚያ በኋላ መልእክቱ በመደበኛው አጭር መልእክት ሊሄድ ስለሚችል፣ ላኪው ቀሪ ሂሳቡን ቢያይ አይከፋም። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160፣ በአማርኛ ግን 70 ፊደላትን ብቻ ይይዛልና ረዘም ያለው ጽሑፍ ተከፋፍሎ ይላካል።