በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የአድማጩ ሥራ

የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ታሪክ ሲነገር፣ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በ1959 እ.ኤ.አ. ሞስኮን መጐብኘታቸው፣ በኢትዮጵያና በሶቪየት ኅብረት ስምምነት መሠረትም ትምህርት ቤቱ በ1963 መቋቋሙ ይጠቀሳል። ተማሪው ትምህርቱን በምን ዐይነት ጆሮ እንደ ሰማው ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም።

የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። ከሶቪየት ኅብረት ለመጡት መምህራን እንግሊዝኛ የባዕድ ቋንቋ ነው፤ ለተማሪውም እንዲሁ። ችግሩን በአንድ ቃል እናሳይ። ሩስኛ «ው» የሚለው ድምፅ ስለሌለው ተናጋሪው ወደ «ቭ» ያዘነብላል፤ በቃል መጨረሻም «ድ»ን «ት» ማድረግ የቋንቋው ሕግ ነው። እንግዲህ በብረታ ብረት ክፍል «ዌልድ» (ብየዳ) የተባለው «ቬልት» ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ዐማርኛም በጥንቱ «ቭ» የለውምና ጆሮአችን «ቤልት» ብሎ ይቀበለዋል፤ ይኸውም መካኒኮቻችን ቺንጋ የሚሉት ነው። መምህሩ «በይድ» ሲል ተማሪው ቺንጋ ሊፈልግ ነው!

ሆኖም ተማሪዎቹ ተምረው ተመርቀዋል። ክላርክና ጋሬት በ2004 ባወጡት ጥናት፣ አድማጭ የባዕድ ቃና ሲሰማ በመጀመሪያ ቢዘገይም መዘግየቱ በአንድ ደቂቃ ያህል ውስጥ ይቀንሳል። ብራድሎና ቤንትም በ2008 እንዳሳዩት፣ ብዙ ተናጋሪዎችን የሰማ ሰው ከዚያው አገር የመጣውን አዲስ ተናጋሪ ጭምር ይረዳል። ነገር ግን የተፈተኑት እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች ናቸውና ውጤቱን እንዳለ ወደ ባሕር ዳር ማምጣት አይገባም። የእኛ ተማሪ ቃሉንም ቃናውንም ባንድነት ነበር የሚማረው። በእኔ አስተያየት ያዳነው ወርክሾፑ ነው፤ የመምህሩ እጅ የብየዳ መሣሪያ ከያዘ «ቬልት» ምን እንደ ሆነ ዐይን ለጆሮ ይነግረዋል፤ ጆሮም አንዴ ካረመ በኋላ «ቫየር» ሲባል «ዋየር» መሆኑን ሳይጠይቅ ያውቃል። ስለዚህ የዚያን ዘመን ተማሪ «እንግሊዝኛው ደካማ ነበር» ብሎ ማለፍ የሠራውን ሥራ ግማሹን መካድ ነው።

ጥያቄው ለጣና ዳር አዲስ አይደለም። በ1603 ኢትዮጵያ የገባውና በሐይቁ ሰሜን በጎርጎራ የኖረው እስፓኛዊው ፔድሮ ፓኤዝ ግእዝና ዐማርኛ በመማሩ ይመሰገናል። በእስፓኝ ቋንቋ «ጠ»ም «ቀ»ም የለም። «ጠራ»ንና «ተራ»ን ለይተው ይሰሙለት የነበሩትን የአገሩን ሰዎች ግን ማንም አላመሰገናቸውም።